ትንፋሽ ያቆመው

ድልድዩን ነሐሴ ጠርጎት ሄደ፤ ብረቱም ግንቡም ሳይቀር
ጀማ እንደ ገለባ አንከባሎት፣ አሸዋ ውስጥ ሲቀበር፣
መረሐቤቴ ከወዲህ ቀረ፤ ገበያው ከወዲያ ማዶ።
የኛ ካምዮን ቁልቁለቱን ወረደ፣ ፍሬኑ እስኪሸት ነዶ።

የጫነው፦ አስራ አራት ጎማ፣ ተጠቅልሎ እንደ ድንኳን፣
ሳንቃ፣ ካቦ፣ ካስማ፣ መዶሻ። ይሄ ሁሉ ድልድይ ሊሆን።
ሰዉ ከአፋፍ ቆሞ አየን። አንድ ሽማግሌ ሳቁ፦
«ድልድይ በጆንያ አይመጣም ልጆቼ፤ ድልድይ ግንብ ነው፣ እወቁ።»

ፓምፑ ሁለት ጎማ ነፍቶ፣ ሦስተኛው ላይ አቃስቶ ሞተ፤
በመንዝ ራስ ላይ ደመናው እንደ ዘማች ተከተተ።
መቶ አለቃችን ሰዓቱን አየ፣ ወንዙን አየ፣ እኛን አየ፤
«አፍ አላችሁ፤ ንፉ» አለና፣ ራሱም አንዱን ጎማ ለየ።

ነፋን።
ጆሯችን እስኪጮህ፣ ዓይናችን ብርሃን እስኪያጣ፣
ከየደረታችን ጥግ ያለው ተሟጦ እስኪወጣ።
የነጭ ሽንኩርት፣ የትናንት አረቄ ሽታ፣
ያልተጻፈ ደብዳቤ፣ ያልተመለሰ ስድብ፣ ሳይነገር ያደረ ሰላምታ፣
ሁሉም በቫልቮላ ገባ።

ሦስተኛው የጫንያለው ነበር። «የጅሩ ሰንጋ» የምንለው፣
ዋልካ ያሳደገው ጎረምሳ፣ ደረቱ ጎተራ የሚያክለው።
ለማንም አላጋራም፤ ብቻውን፣ እየሳቀ፣ እየነፋ፣
ሲመሽ ጎማው እንደ ጉማሬ በጀማ ዳር ተንሰራፋ።

በአራተኛው ቀን ካቦው ተወጠረ፤ ሳንቃዎቹ ተነጠፉ።
መጀመሪያ ማን አለፈ? ሽማግሌው ራሳቸው አለፉ፤
ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው፣ እንደ ቤተስኪያን ደጃፍ፣
እግራቸው ሥር የኛ ትንፋሽ ሲረግብ፣ ደሞ ሲያንሳፍፍ።
ከዚያማ ማን ይቆጥራል! ጤፍ የጫነ አህያ፣ ሙሽራ በበቅሎ፣
ምጥ የያዛት በቃሬዛ፣ ዘመዷ ሁሉ ተከትሎ።

የሩፋኤል ለት ሌሊት፣ ልጆች በዝናቡ የሚታጠቡበት፣
ጀማ ከነግንዱ መጣ፤ አንድ ዋርካ ካቦው ላይ ተጋደመበት።
ጫንያለው መጥረቢያ ይዞ ወጣ። ፋኖሱን እኔ ነበርኩ የያዝኩት።
መጥረቢያው ሦስቴ ሲያርፍ ሰማሁ። አራተኛውን አልሰማሁት።

ድልድዩ ቆመ።
በማግስቱ ሰው ተሻገረ፤ ገበያ ነበር።
እኛ ዳር ዳሩን እስከ ታች ሄድን፤ ከመጥረቢያው እጀታ በቀር
ምንም።

ጥቅምት ሲብት ውሃው ጎደለ። ትእዛዝ በሬዲዮ መጣ፦
«ንቀሉ። ሌላ ወንዝ አለ። እስከ ነገ ማታ ይውጣ።»
መቶ አለቃው ካምዮኑ ላይ ቆሞ፣ «ጫን!» ይላል፣ ደግሞ «ጫን!» ይላል፤
ጫን ያለውስ ይኸው ቆሟል፤ ጫንያለው ግን የታል?

ካቦ ፈታን፣ ሳንቃ ቆጠርን፣ ጎማ በጎማ አስተነፈስን፤
ሦስተኛው ጋ ስንደርስ ግን እጃችንን ወደ ኪስ መለስን።
አካሉን ወንዝ ወስዶታል፤ ስሙን መዝገብ ወስዶታል፤
ትንፋሹ ግን እዚህ ነው፣ ቫልቮላ ተዘግቶበታል።
የተነፋ ጎማ አይታጠፍም። ያልታጠፈ አይጫንም።
መቶ አለቃው ይህን ያውቃል። ጀርባውን ሰጠን እንጂ፣ አልተቆጣንም።

እኔ ከፈትኩት፣ ፊቴን አስጠግቼ።
መጀመሪያ ጎማ ሸተተኝ፤ ከሥሩ ግን፣ ቀስ ብሎ፣
ሽንብራ። ያን ለት ከኪሱ ዘግኖ ያካፈለን ቆሎ።
ረጅም ጊዜ ፈጀ። ደረቱ ጎተራ ነበር ብያችኋለሁ።
ማንም «ጨርስ» አላለኝም። ማንም አልጨመቀውም። እስኪያልቅ ይዤው ቆየሁ።

ቀና ስል ሽማግሌው ከማዶ ቆመዋል፤ ምን እንደሆነ ማን ነግሯቸው?
የሚረግጡት ሳንቃ የለም። ወንዙ ብቻ ነው ፊታቸው።
ጎንበስ ብለው
ጫማቸውን አወለቁ።